ለዋልተር የወጣለት ስም

ሳውል ኩዊል ሬሳውን ከደንገሉ መሐል ጎትቶ ሲያወጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የሟቹን ዓይን መክደን አልነበረም፤ የሱሪውን ዚፕ መዝጋት ነበር። ሲቸኩል የሟቹ ሸሚዝ ጫፍ ዚፑ ውስጥ ተይዞ ቀረ። ቀና ሲል የሟቹ ሚስት ኖርማ በባዶ እግሯ በድንጋዮቹ ላይ እየተደናቀፈች ስትሮጥ አያት። «ለክብሩ ብዬ ነው» አለ በልቡ። ውሸቱን እንደሆነ ግን ያን ጊዜም ያውቀዋል።

ዋልተር ግሪሰም ከደቡብ ከተማ የመጣ ጡረተኛ ነበር። ከኖርማና ከልጁ ባል ከደሪክ ጋር ሆኖ፣ ሳውል እየመራቸው በታንኳ ከሐይቅ ሐይቅ ሲያቋርጡ፣ ሲመሽም ዳር ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ ሰንብተዋል። ሰውየው ሽንቱን መቋጠር አይችልም ነበርና በየጊዜው «ወደ ዳር እንውጣ» ማለቱ ሳውልን አሰለቸው። አንድ ቀን ብሽቅ ብሎ በወገኖቹ በኦጂብዌዎች ቋንቋ ስም አወጣለት። ትርጉሙ «አንጠባጣቢው» ማለት ነው። ዋልተር የክብር ስም መስሎት ፊቱ በራ። በሳውል ወገኖች ዘንድ ስም የሚሰጡት ትምባሆ ቀርቦላቸው የሚለመኑ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማንም እየተነሣ የሚቀልድበት ነገር አይደለም። ሳውል ይህን ጠንቅቆ እያወቀ ትናንት ማታ ትርጉሙን ለደሪክ ሹክ አለው፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አሁን ሬሳው አጠገብ ቆሞ የሚያስጨንቀው ያ ስም ነበር። ዚፑ ተከፍቶ ከተገኘ ስሙም መነሣቱ አይቀርም፤ ትርጉሙ ከወጣ ደግሞ ሳውል በመንደሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

ቀትር ላይ ውኃ ላይ የምታርፈው ትንሽ አውሮፕላን መጣች። የፖሊስ ሳጅኗ ጀማይማ ሚኪስ ውኃውን በቦት ጫማዋ እያንቦጫረቀች ወረደች። የሳውል እናት ታናሽ እህት ናት።

«አክስቴ፣ እንኳን አንቺ መጣሽ…»

«ዛሬ አክስትህ አይደለሁም። ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዳገኘኸው ነው ያለው?»

«አዎ።»

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ግንባሩ ላይ ያለውን ቁስል አየች፤ ከዚያ ከቀበቶው በታች ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።  ሳውል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ደሪክ ድንኳኑ ጋ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ ትከሻውን ነፍቶ ነበር የጠበቃት።

«አማቴ ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። እኔ ከዚህ ኮረብታ ጀርባ ፍሬ ስለቅም ነበር።»

«የምን ፍሬ?»

«ያ ሰማያዊው ነዋ። ከትናንት ወዲያ የሰፈርንበት ቦታ ሞልቶት አልነበር?»

«ይጣፍጣል?»

«በጣም!»

«ደስ ይላል» አለችና ወደ ኖርማ ዞረች። «እመቤቴ፣ ባልዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«ዋልተርን? እንዲያውም የእናንተ ሰዎች ወደውት ስም አውጥተውለታል!» ኖርማ እንባዋን ጠርጋ ስሙን አንድ በአንድ፣ ሳታዛንፍ ጠራችው።

ጀማይማ ደነገጠች። «እስቲ ይድገሙልኝ።»

ኖርማ ደገመችው። ሳጅኗ ቀስ ብላ ወደ ሳውል ዞረች። እሱ ጎንበስ ብሎ እሳቱን መቆስቆስ ያዘ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

ጀማይማ ብቻዋን ከኮረብታው ጀርባ ሄዳ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። ገመዱ ላይ የተሰጡትን የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች አንድ በአንድ ጨመቀቻቸው። ከዚያ ሦስቱንም ሰዎች እሳቱ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ነፋሱ ከምዕራብ ነው» አለች። «ሬሳው የተገኘው ከዚህ በስተምዕራብ፣ ከኩርባው ማዶ ነው። ሳውል፣ አንድ ሰው ብቻውን ከኋላ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ታንኳ በዚህ ነፋስ ላይ ሊቀዝፈው ይችላል?»

«የታንኳው ፊት ባዶ ከሆነ ቀና ይልና ነፋሱ እንደ መዝጊያ ያዞረዋል። ፊቱ ላይ ድንጋይ ይጭናል፣ ወይም…»

«ወይም ሰው። ዋልተር ደግሞ ይህን ዘዴ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ነበሩ። አቶ ደሪክ፣ ያ ፍሬ የሚበቅለው እሳት በበላው መሬት ላይ ነው። ከትናንት ወዲያ ያደራችሁበት ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቃጥሏል። ይህ ኮረብታ ግን እሳት አይቶ አያውቅም፤ ጀርባው ረግረግ ነው። ሲጣፍጥ የነበረው ጭቃው ነው?»

ጀማይማ ወደ ገመዱ ጠቆመች።

«ሰደርያዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ላይ ነበሩ። ደርቀዋል። አረንጓዴው ብቻ ውኃ ያዥጎደጉዳል። የማነው?»

«የደሪክ ነው» አለች ኖርማ በደከመ ድምፅ። «ደሪክ፣ አንተ መታኸው?»

«ማንም አልመታውም» አለች ጀማይማ። «ሰውየው ሰደርያውን አውልቆ፣ ዚፑን ፈትቶ ታንኳው ላይ ቆመ። በእኛ ሐይቆች ብዙ ወንድ እንዲህ ሞቷል። ግንባሩን የታንኳው ጠርዝ መታው። ዚፑን የዘጋው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሸሚዙን ነክሷል። እሱ ሳውል ነው፤ ዋሽቶኛል፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ነው። ለምን ወደ ዳር እንውጣ አላለም? እስከ ትናንት ሲል ነበር።»

ደሪክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ነገርኩት» አለ። «ጠዋት እየቀዘፍን የስሙን ትርጉም ነገርኩት። መቅዘፉን አላቋረጠም። በኋላ ሲቁነጠነጥ አይቼ 'እንውጣ?' አልኩት፤ 'አያስፈልግም' አለኝ። ሲቆም ሳቄ መጣና… ለቀልድ ታንኳዋን ነቅነቅ አደረግኋት። ነቅነቅ ብቻ! ተገለበጠችና ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ገባን። ውኃው በረዶ ነበር። ዋኝቼ ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም። ወጥቼም ሰው አልጠራሁም። ምን ብዬ ልጥራ?»

«ሰው እየሰጠመ ጥሎ መሄድ ቀልድ አይደለም» አለችና ጀማይማ ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

ሳውል እፎይ ሊል ነበር። ቢያፍርበትም እፎይታው ነበር፤ ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል። ግን ኖርማ ደሪክን አልነበረም የምታየው።

«ትርጉም?» አለች። «የስሙ ትርጉም ምንድን ነው፣ ሳውል? ለመቃብሩ ድንጋይ አስቤው ነበር።»

ሳውል ወደ አክስቱ አየ። አንድ ደግ ውሸት ብትጥልለት፣ «ጎበዝ ቀዛፊ» ብትልለት ይበቃዋል።

«እኔን አትየኝ» አለች። «ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራት።»

ነገራት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሳያሳምርና ሳይሸራርፍ ነገራት። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ግን አልጨመረም፤ የሚመጥን አልመሰለውም።

ኖርማ አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። የሹራቧን እጅጌ ስትጎትት ቆየች።

«ማታ ድንኳን ውስጥ» አለች በመጨረሻ፣ «በአዲሱ ስሜ ጥሪኝ ይለኝ ነበር። እንዳልሳሳት እያስደገመ አስጠናኝ። እኔም ጠራሁት፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ስጠራው ነበር።»