የኦፓል ባዶ እጆች

ልጅ ሲወድቅ አይተን፣ ገና የት ጋ እንደተመታ ሳንጠይቅ፣ «አይዞህ፣ ምንም አልሆንክም፣ ተነስ» የማንል ወላጆች ስንት እንሆናለን? በእርግጥ ክፋት የለበትም፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ብለን ነው። ነገር ግን ደጋግመን ስንለው ልጁ ይለምደዋል፤ ይባስ ብሎ እኛው ራሳችን እናምነዋለን። በኬንተኪ ኮረብታዎች መሀል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖረው ሮንዳ ይህን ካመኑት አንዷ ነበረች።

ሮንዳ ፀጉር ሠሪ ናት። ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም፤ ከወንበሯ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም አስተካክላ ነው የምትሸኘው። በዚህ ዓለም ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ሁለት ነገር ነው፤ ልጇን ኬልሲንና ቺርሊዲንግን። ቺርሊዲንግ ድሮ ለቅርጫት ኳስ ቡድን እየጨፈሩ ድጋፍ መስጠት ብቻ ነበር። ዛሬ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኗል። ልጃገረዶቹ በአየር ላይ ይገለባበጣሉ፤ አንዷን በመዳፋቸው ላይ አቁመው ከራሳቸው በላይ ያነሷታል፤ ወርውረውም ይቀልቧታል። ሮንዳ በልጅነቷ ከታች ሆና ከሚሸከሙት ወገን ነበረች። ኬልሲ ግን ላይኛዋ ናት። እናቲቱ ይህንን ለማያውቃት መንገደኛ እንኳ ሳትነግር አታልፍም።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ የቆየ ወግ አለ። የወደቀች ልጅ ዘላ ተነስታ ጥርሷን ታሳያለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ፊቷን ያጨማደደች ልጅ ግን ቡድኗን እንዳሳፈረች ይቆጠራል። ሮንዳ ይህንን ለኬልሲ ያስተማረቻት የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው።

በዚያ ዓመት ውድድሩን የሚመራው ማኅበር አዲስ ደንብ አወጣ። ከራስ በላይ ከፍ ብላ ከምትቆም ልጅ ጀርባ፣ ከተሸካሚዎቹ ሌላ፣ አንዲት ጠባቂ መቆም አለባት። ጠባቂዋ በእጇ ምንም አትይዝም፤ ዓይኗንም ከላይኛዋ ልጅ ላይ አትነቅልም። የቡድኑ አሠልጣኝ ዳርሊን ይህንን ሥራ ለኦፓል ሰጠቻት። ኦፓል በዚያው መኸር ቡድኑን የተቀላቀለች፣ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ናት።

የወላጆች ስብሰባ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተጠራ። ከስብሰባው በኋላ ሊበላ የቀረበው የሙዝ ጣፋጭ ገና ሳይታደል ነገሩ ጦፈ።

«እና ይቺ ልጅ ምን ልትሠራ ነው? እንደ ባንክ ዘበኛ ተገትራ ልትውል ነው?» አለች ሮንዳ። ሰዉ ሳቀ።

«አዎ፣ ልክ እንደ ዘበኛ» አለች ዳርሊን።

«ዳኞቹ እኮ እኛን ሲያዩ የሚታያቸው ቆማ የምታፈጥ ልጅ ነው። የሌሎቹ ቡድኖች ጠባቂ ለይምሰል ብቅ ትልና ወዲያው ወደ ፊት ወጥታ ትጨፍራለች። የተያዘባቸውም የለም።»

«የሌሎቹ ልጆች የሌሎቹ ናቸው። እኔን የሚመለከቱኝ የእኛዎቹ ናቸው።»

«ኧረ ተይ ዳርሊን! አብረን አይደል እንዴ የጨፈርነው? በእኛ ጊዜ ፍራሽ እንኳ አልነበረም፤ ባዶ ጣውላ ላይ ነበር የምንሠራው። ማን ተጎዳ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ዳርሊን ወደ እሷ ዞረች። ስትዞር ከወገቧ ጀምሮ መላ ሰውነቷን ነው የምታዞረው፤ አንገቷ ለብቻው አይታዘዝላትም። በልጅነቷ አጎቷ ቤት ፈረስ እንደጣላት ከተማው ሁሉ ያውቃል። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ደንብ ደንብ ነው» አለች ብቻ።

«ፈረሱ ከጣላት ወዲህ ሴትዮዋ ጥላዋንም ትፈራለች» ሲል ቨርነን የሚባለው አባት አጠገቡ ላለው ሰው አንሾካሾከ። ሮንዳ ሰምታ ሳቀች። ስብሰባውም ያለ ስምምነት ተበተነ፤ ደንቡ በዳርሊን ፈቃድ ጸና።

ሮንዳ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ከውድድሩ ዋዜማ የልጆቹን ፀጉር የምትሠራው እሷው ስለሆነች፣ ተራው የኦፓል ሲሆን በሩን ገርበብ አደረገችና ከመሳቢያዋ ሁለት የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ባንዲራዎች አወጣች። በትምህርት ቤቱ ቀለም ራሷ ነበረች የሰፋቻቸው።

«ስሚ ቆንጆ፣ ኬልሲ ወደ ላይ ስትወጣ አንቺ ከኋላ ሹልክ ብለሽ ወደ ፊት ትመጫለሽ፤ እነዚህን ታውለበልቢያለሽ። አዳራሹ ቀውጢ ይሆናል።»

«ኮች ዳርሊንስ?»

«እሷን ለእኔ ተዪያት።»

ኦፓል በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «ኬልሲ ብትወድቅስ፣ ሚስ ሮንዳ?»

«ኬልሲ አትወድቅም። ብትወድቅም ትነሳለች። የማንን ልጅ መሰለችሽ?»

ኦፓል ባንዲራዎቹን ተቀብላ ዝም አለች። ሮንዳም ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ትልልቅ ሰዎች ልጅ ዝም ሲለን ተስማማ እያልን ስንቱን ነገር አበላሽተናል!

በማግስቱ ትልቁ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚህ ውድድር ያሸነፈ ወደ አገር አቀፉ ያልፋል። ሮንዳ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ፣ እሷም እንደ ልጆቹ ትልቅ ሪባን ፀጉሯ ላይ አስራ፣ ገና ሙዚቃው ሳይጀመር ላብ በላብ ሆናለች። ልጆቹ ሰማያዊውን ፍራሽ ሞልተው ገቡ። መገለባበጡ አማረ፤ ጭፈራው ሰመረ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው ኬልሲን አነሷት፤ ክንዶቻቸው ተዘረጉ፤ ልጅቷ በአንድ እግሯ ቆማ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

ኦፓል ከኋላ አልተነቃነቀችም። እጆቿም ባዶ ናቸው።

«ውጪ እንጂ!» አለች ሮንዳ በጥርሷ መሀል። «ምን ሆና ነው ይቺ ድንጋይ? ባንዲራዎቹን የት ጣለቻቸው?»

ንዴቷን ሳትጨርስ የኬልሲ ቁርጭምጭሚት ከዳት። ጉልበቷ ታጠፈ፤ ወደ ፊት ቢሆን ተሸካሚዎቹ ይቀልቧት ነበር። እሷ ግን ወደ ኋላ፣ በጭንቅላቷ ነው የመጣችው። ተሸካሚዎቹ ዞረው ሳይደርሱ ኦፓል በሁለት ረጃጅም እጆቿ ብብቷ ሥር ገብታ ያዘቻት። ክብደቱ ኦፓልን በጀርባዋ ጣላት፤ የኬልሲ ጭንቅላት ደረቷ ላይ አረፈ፤ ክርኗ ደግሞ የኦፓልን አፍ መታ።

ኬልሲ ዘላ ተነሳች። ጥርሷ ብልጭ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሮንዳ ግን አላጨበጨበችም። ወንበሩን ጨብጣለች። ዓይኗ ያየው ኦፓል የቆመችበትን ቦታ ነው። ኦፓል እንዳዘዘቻት ባንዲራ እያውለበለበች ወደ ፊት ወጥታ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ማንም አልነበረም። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር፣ አለች በልቧ፤ ወዲያውም «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደች ወደ ጀርባው ክፍል ሮጠች።

ዳርሊን ኬልሲን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣታለች። የውድድሩ ሐኪም ዓይኗን በመብራት እያየ አንገቷን በቀስታ ይዳስሳል። ኦፓል ጥግ ላይ ከንፈሯ ላይ በረዶ ይዛ ቆማለች። ሮንዳን ስታይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ይቅርታ ሚስ ሮንዳ» አለች ቀድማ። «እምቢ ልልዎት ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ግን ባንዲራ ከያዝኩ እሷን በየትኛው እጄ ልይዛት ነው?»

ሮንዳ ወደ ጥጉ ሄደች። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ፀጉሯን ሳመች።

«የምን ባንዲራ?» አለች ዳርሊን።

ሮንዳ አልሸሸገችም። በዋዜማው ያደረገችውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስውብ ተናገረች። ዳርሊን ትጮኻለች ብላ ጠብቃ ነበር። ዳርሊን ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«‹ማን ተጎዳ› ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የተጎዳሁት።»

«አንቺማ ፈረስ…»

«ፈረስ የሚባል ነገር የለም። የአጎቴ ቤት ፈረስ ሳይሆን ዶሮ ነበር ያለው። ከእናንተ እጅ ላይ ነው የወደቅኩት። የመጨረሻው ጨዋታችን ላይ፤ ታስታውሺያለሽ?»

«ተነስተሽ ስቀሽ ነበር እኮ! እስኪያልቅ ጨፍረሻል።»

«ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ። ‹ጣሉኝ› ብል እናንተን የከሰስኩ መሰለኝ። አንቺን፣ ሮንዳ። የልብ ጓደኛዬ ነበርሽ።»

ሮንዳ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ስንት ዓመት በሙሉ በየስብሰባው «ማንም አልተጎዳም» ስትል የኖረችው ለዚህች ሴት ነበር። ለካ ያልተጎዱት ሲቆጠሩ፣ ስቀው የተነሱት ሁሉ አብረው ተቆጥረዋል።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«የኔም ጥፋት ነው። በስብሰባው ላይ ልናገር ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ሲስቅ አፈርኩ።»

ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከዚያ ሮንዳ ልጇ ፊት ተንበረከከች። ኬልሲ አሁንም ፈገግ እንዳለች ነው።

«ደህና ነኝ እማ! አየሽኝ? ወዲያው ነው የተነሳሁት።»

«አየሁሽ የኔ ልጅ። አሁን ሳቁን ተይውና የሚያምሽን ንገሪኝ።»

ፈገግታው ጥቂት ታገለ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ቁርጭምጭሚቴን።»

«ዛሬ ነው?»

«ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። ልምምድ ላይ ዞረብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ምንም አልሆንሽም› ትይኛለሽ ብዬ።»

ሐኪሙ ጭንቅላቷም አንገቷም ደህና መሆኑን አረጋገጠ። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏል፤ ታስሮ ጥቂት ሳምንት ካረፈ ይድናል። ሮንዳ ይህንን ስትሰማ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሐኪሙንም ልታቅፈው ቃጣት። ውጭ በድምፅ ማጉያው ውጤቱ ሲነገር የእነሱ ቡድን እንዳላለፈ ሰሙ። የሚገርመው፣ ማልቀስ የጀመሩትን ልጆች ስታባብል የዋለችው ሮንዳ ነበረች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቨርነን ነገሩን መልሶ አነሳው። «መቼም ያቺ የምትገተር ልጅ ባትኖር ኖሮ ነጥቡ…»

«ያቺ የምትገተር ልጅ ባትኖር ኖሮ» አለች ሮንዳ ብድግ ብላ፣ «እኔ ዛሬ እዚህ ስብሰባ ላይ ሳይሆን የልጄ መቃብር ላይ ነበር የምገኘው። ደንቡን ስዋጋ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር። ካሁን በኋላ ኦፓል ትቁም፣ ታፍጥ፤ ነጥብም ቢቀንሱብን ይቀንሱብን። የዳርሊን አንገት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ደግሞ እሷው ትንገርህ፤ ፈረሱን እርሳው።»

ዳርሊንም ተነስታ ተናገረች። በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ከስብሰባው በኋላ ወላጆቹ አንድ በአንድ ወደ ልጆቻቸው እየሄዱ የሚያማቸው ነገር ካለ ጠየቁ። አንዷ የእጅ አንጓዋን አሳየች፤ ሌላዋ የጀርባዋን ነገር ተናገረች። ለወራት ሸሽገውት ኖሯል።

የደኅንነት ደንብ ጨዋታ አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ቸልታችን ነው። እዚህም ሆነ እዚያ፣ ልጆቻችን በሚሮጡበት፣ በሚዘሉበትና በሚጫወቱበት ሁሉ፣ ከኋላቸው ባዶ እጁን ይዞ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን እናረጋግጥ። ልጅ ወድቆ ሲነሳም ከማጨብጨባችን በፊት የት ጋ እንዳመመው እንጠይቅ፤ መልሱን እስኪነግረንም ድረስ ከአጠገቡ አንነሳ።