መምህርቷ በ«አንድ አበባ» ከፈቱ

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፀጥታ ይወዱ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃቸውን ያህል አገኙ። ከሳሎኑ ጎን ባለችው ክፍል፣ አልጋቸው ላይ፣ በገዛ ትራሳቸው ታፍነው ተገኙ። የቆየ ሕመማቸው ክንዳቸውን እንኳ ስለማያስነሣቸው ገዳይን ብዙም አላደከሙም።

መርማሪው ሲደርስ ሁለት ሁለት ሆነው ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ የነበሩት አራቱ ሳሎን ቁጭ ብለዋል፦ የዳኛው ሚስት፣ ጠበቃው ታናሽ ወንድማቸው፣ ጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪም፣ እና ሦስቱንም ጨዋታውን ያስተማሩ አንዲት አዛውንት መምህርት። ካርታው እንደተዘረጋ ነው።

«ከጠረጴዛው ማን ተነሣ?»

«እኔ» አለች ሚስቲቱ። «ካርታ ከመታደሉ በፊት ገብቼ ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ ደኅና ነበር። ኋላ መሀል ላይ መድኃኒቱ ትዝ ብሎኝ ብጠራው ዝም አለኝ። ገባሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እኔ እጄን ልታጠብ ወጥቼ ነበር» አሉ መምህርቷ። «በዚህ ዙር ካርታዬን ለአጋሬ ዘርግቼ ሥራ ፈት ነበርኩ።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜ ሚስት እሱን ማስታመም ሰልችቷት ነበር። ይኼን ለመናገር ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።»

«ዝም ለማለትም አያስፈልግም» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። የሟችን ሚስት ማሰር ሁልጊዜም አቋራጭ መንገድ ነው።

«ቆይ» አለው መርማሪው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከጠበቃው ፊት ለፊት ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው በተነጠፉት ካርታዎች ላይ ጎንበስ አለ። «ይኼ የማን እጅ ካርታ ነው?»

«የመምህርታችን» አለ ሐኪሙ። «ጥሪውን በትንሹ፣ በ‹አንድ አበባ› ከፈቱ። አጋራቸው ጠበቃው ያለ ገዢ ካርታ ልጫወት ብሎ ‹ኖ ትራምፕ› አለ፤ እሳቸው ከፍ አደረጉለት፤ እሱ ተጫወተ።»

መርማሪው ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«መምህርት፣ ተማሪዎ ይኼን እጅ ቢይዝ በምን እንዲከፍት ይነግሩታል?»

ሐኪሙ ቀደማቸው። «በ‹አንድ ኖ ትራምፕ› ነዋ! ከአራቱም ዓይነት አለው፣ ብቻውን የቀረ ካርታ የለም፣ ነጥቡም አሥራ ስድስት ነው። የተመጣጠነ እጅ ይዛችሁ አትሽኮርመሙ እያሉ ስንቴ...» የተናገረው ገባውና ወደ መምህርቷ ዞረ።

«ኖ ትራምፕን ከጓደኛው ቀድሞ የጠራ ራሱ ይጫወታል» አለ መርማሪው። «አጋሩ ካርታውን ዘርግቶ እንደልቡ ይነሣል። በደንቡ ቢከፍቱ ኖሮ ከወንበርዎ አይነቃነቁም። ስለዚህ ዝቅ አሉ። ጠበቃው ምንም ቢጠራ ይኼ እጅ ይደግፈዋል፤ እሱ ይጫወታል፣ እርስዎ ይወጣሉ።»

«ተሳስተው ቢሆንስ?» አለ ጠበቃው።

«መምህር የመጀመሪያውን ትምህርት አይስትም። የወንድምህ ሚስት ለመነሣት ጥሪ አላጣመሙም፤ እፊታችሁ ባላቸውን ጠርተው ነው የሄዱት።» ወደ መምህርቷ ዞረ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እርስዎ ሳልዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሄዱ።»

መምህርቷ የሹራባቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ልጄን ባልሠራው ፈረደበት። እስር ቤት ሞተብኝ። ይኼ ሰው መልኬን እንኳ አልያዘውም፤ ካርታ አስተምሪልኝ ብሎ ቤቱ አስገባኝ።»

«ሌላ እጅ እስኪታደል መጠበቅ ይችሉ ነበር።»

«መጠበቅማ ስጠብቅ ኖርኩ።»

ሚስቲቱ የእጅ አንጓዋን ይዛ ቆማለች። «እትዬ፣ እኔን ሊያስሩኝ ነበር እኮ። እኔ ምን አደረግኩዎት?»

መምህርቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ልጄ ሲፈረድበት ችሎቱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ክር ትሠሪ ነበር። ስጮኽ ቀና አልሽ፤ አየሽኝ፤ ወደ ክርሽ ተመለስሽ።»