ለብ ያለው ጠብታ

ተረት አይደለም። በዚህች ግራ ዓይኔ ያየሁት ነው። በእኩለ ቀን፣ ሰሜን ሚሺጋን ውስጥ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ።

ምግብ እየበላችሁ ከሆነ ጨርሱና ተመለሱ።

ሬይኖ እባላለሁ። ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ቀኝ ዓይኔ ከጠፋች ቆይታለች። የቀረችኝን ግራዋን የሞራ ግርዶሽ ሸፍኗት ነበርና በበረዶው ወራት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሟ እንዳልጎነበስ፣ ዓይኔን በእጄ እንዳልነካ፣ ጓሮዬ ካለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ከሳውና ቤቱ፣ እንዳልገባ አጥብቃ ነገረችኝ። ያዘዘችልኝን የዓይን ጠብታ ካቋረጥኩ ይህችንም አጣታለሁ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጎረቤቴ ኢምፒ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየመጣች ልትጨምርልኝ ተስማማን። እኛ ሰፈር በር አይቆለፍም፤ ማንም አያንኳኳም። በማግስቱ በጓሮ በር፣ በሳውና ቤቱ በኩል ገባች።

እኔ የሚታየኝ ጭጋግ ብቻ ነበር...

"ጣሪያውን እይ" አለች በሹክሹክታ።

አየሁ። ጠብ አለ።

ለብ ያለ ነበር...

ጠብታው የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ታዲያ ምን አሞቀው?

ደግሞም ወፍራም ነው። እንደ ንፍጥ እየተለጠጠ ጉንጬ ላይ ወረደ። በውስጥም ወርዶ ጉሮሮዬ ሲደርስ የዓሣ ውሃ፣ የዓሣ ውሃ አለኝ። ጣቶቿ ያሟልጫሉ፤ ውሃ ውስጥ የሰነበተ ቅጠል ይሸታሉ። ግን ለምትረዳኝ ሴት ገማሽ አይባልም።

"ኢምፒ... እጅሽን ታጠቢ እንጂ።"

"ጣሪያውን እይ።"

በየቀኑ መጣች። ዓይኔም በየቀኑ እየጠራች ሄደች። መጀመሪያ የጣሪያውን ሳንቃ፣ ከዚያ ሚስማሮቹን፣ በመጨረሻ የአንዲት ሸረሪት እግሮች ለየሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጣሪያውን ትቼ እሷን አየሁ።

እጇ ላይ ጠርሙስ የለም።

ፊቴ ላይ አጎንብሳ የገዛ ዓይኗን በሁለት ጣት ፈልቅቃዋለች... የሚንጠባጠበው ከዚያ ነበር።

ብሌን የለውም። ነጭ ብቻ ነው።

ገፈተርኳት። በጓሮ በር ወጣች። አስታወክሁ... መጎንበስ ክልክል ነውና ቆሜ፣ ልብሴ ላይ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

"ሬይኖ፣ ኢምፒ ነኝ። ልጄ ቤት ሄጄ በረዶው መንገዱን ዘጋብኝ። ስልኩም ተቋርጦ ነበር። ጠብታውን... ማን ጨመረልህ?"

ፍሪጁን ከፈትኩ። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው።

የጓሮውን በር ቆለፍኩ። መንገዱ ሲከፈት ኢምፒ መጥታ እውነተኛውን ጠብታ ጨመረችልኝ። ቀዝቃዛና ንጹህ ነበር።

በማግስቱ ዓይኔ ቀላች። ቀጥሎ ጭጋጉ ተመለሰ። ሐኪሟ መድኃኒት ብትቀይርም ጭጋጉ ባሰበት። የኢምፒ ፊት ጠፋኝ፤ ቀጥሎ መስኮቱ ጠፋኝ።

ዛሬ እኩለ ቀን ሲቃረብ ከሳውና ቤቱ የእንጨት ጭስ ሸተተኝ። እኔ አላነደድኩም...

እየተጸየፍኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ የጓሮውን በር ከፈትኩት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀና አልኩ።

አሁን ይህን ስጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ጉንጬ ግን ገና እርጥብ ነው። አልጠረግሁትም...

መንካት ክልክል ነው።