የመጨረሻዋ ዜሮ

«ቁልቋል፣ ውጪ። ሰንሰል ተይዟል።»

ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የሚዛኑን ብሎን ታጠብቃለች። እዚህ ቡሬ፣ የበቆሎ መጋዘኑ በር ላይ፣ ሚዛን ጠጋኟ ሥርጉት ናት። ቁልቋል የሚላት ባሕር ዳር ያለው፣ የተሰረቀ ቅርስ በስውር የሚከታተለው ቢሮ ብቻ ነው።

«ማን አለ?»

«ፕሮግራሜ። ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ቆጠረ።»

ቴዎድሮስ ነው፣ የቢሮው ኮምፒውተር ሠሪ። ፕሮግራሜ ሲል ልጄ የሚል ይመስላል።

ሰንሰል የሚሉት ክንፈሚካኤልን ነው። ጫኝና አውራጅ መስሎ ሌቦቹ መሃል ገብቷል። ከቋሪት ደብር የተሰረቀው የብራና መጽሐፍ ያለበትን ቦታ በካርታ ቁጥር ይልካል። ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ከላከ፣ ደህና ነኝ፣ ኑ። አምስት ከላከ፣ ተይዣለሁ፣ አትምጡ።

መልእክቱ እሷም ጋ ገብቷል። 10.684170።

ስድስት።

«ዜሮዋን ቁጠራት፣ ኢንጂነር።»

«መጨረሻ ያለች ዜሮ ዋጋ የላትም። ኮምፒውተሩ ቁጥር አድርጎ ሲያነባት ይጥላታል። ሒሳብ ነው፣ እመቤት።»

«ይሄንኑ ነግሬህ ነበር። እንደ ጽሑፍ ይነበብ አልኩህ። አስተካከልኩ አልክ።»

«አስተካክያለሁ።»

«አዎ። የማክሰኞው መልእክትም በዜሮ ነበር ያለቀው። ስድስት ብሎ አሳልፎታል።»

አሁን ገባት።

ያስተካከለውን ራሱ መልሶ አበላሽቶታል። ዛሬ። ለዚች መልእክት ብሎ።

«መጽሐፉን ሊይዙ የወጡት ፖሊሶች ተመልሰዋል» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «አንቺም ውጪ።»

ዘጋችው። ቢሮው የሚያምነው ማሽኑን ነው፣ ሰው አይሰማም። ይሄ ቴዎድሮስ ደግሞ ሲከዳ እንኳን ሥራ ማሳመር አያውቅም።

መጽሐፉን ከሸጠ ክንፈሚካኤልንም ሸጧል።

ሌቦቹን የሚያሠራው ነጋዴ የተስፋው የጭነት መኪና ቁጥሩ ከሚያሳየው ከዚሁ ግቢ ወጣ። ከላይ እስከ ታች በቆሎ። ክንፈሚካኤል ጆንያው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ በዚህ ሙቀት ጃኬት የለበሰ ሰውዬ።

ሚዛን ላይ ሳይወጣ የሚያልፍ የለም። ሚዛኑ ደግሞ የሷ ነው።

«ከልክ በላይ ነው። አራግፉ።»

«አንቺ ማነሽ እኔን የምታዢኝ?» አለ ተስፋው።

«ሚዛኑ ነው ያለው፣ ጋሼ። እኔማ ምን አውቃለሁ።»

ከኋላ ገበሬው በጋሪ ተሰልፏል።

«አራግፋ እንጂ! ፀሐይ ልታስመታን ነው?»

«የኛ ሲሆን ኪሎ ትቆርጥ የለ!»

ክንፈሚካኤል አያት። ገባው። አንዱን ጆንያ ገፍቶ ጣለው። ጆንያው ተቀደደ፣ በቆሎው ፈሰሰ። ብራናው ከመሃሉ ተንሸራቶ ወጣ።

ሰልፉ ውስጥ ከቋሪት በቆሎ ሊሸጡ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ።

«የኛ ነው! የደብራችን ነው!»

ባለጃኬቱ እጁን ብብቱ ከተተ።

ተኩስ።

ገበሬው በዱላ ተረባረበበት። ተስፋውን ከመሪው አውርደው አሰሩት። መሪጌታ መጽሐፉን አቅፈው አለቀሱ።

ክንፈሚካኤል በቆሎው ላይ ወድቋል።

«ስድስት ነው የላክሁት» አለ።

«ስድስት ነው። አይቻለሁ።»

ሌላ አልተናገረም።

ማታውን በሷ ጥቆማ ቴዎድሮስን ያዙት። የኮምፒውተር ስህተት ነው አለ አሉ። ምስኪን ብረት ላይ ያላክካል።

እሷ ያኔ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፣ ያለ መፍቻ፣ ያለ ሥርጉት ስም።

«ቡሬ አንድ ጫኝ ተገደለ አሉ» አለቻት አጠገቧ ያለች ሴትዮ። «ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ወረደች። ስሟን የጠየቃት የለም።