ምን ጎድሎብን

«ቤተሰቡን በጣም የቸገረው ነገር ምንድን ነው?» ሲጋል በዕብራይስጥ ጠይቃ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ኦሸሪት ጥያቄውን ለእናቷ በአማርኛ ነገረቻት። ሲጋል የመጣችው ከመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ውሃ በሌላቸው መንደሮች ፓምፕ ይተክላል፤ መክፈል ላቃታቸው የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ ሚልጋ እየሰጠ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል። የኦሸሪት ወንድም ኤላድ ለሚልጋው ካመለከተ ስድስት ወሩ ነው። ዛሬ ሳህን የሚያጥብበት የማሪና ካፌ ፈቃድ ስለከለከለው፣ እህቱን በቅጽል ስሟ ጠርቶ «ፕሮፌሰሯ፣ ያለውን እንዳለ ንገሪያት፣ በቃ» ብሏት ወጥቷል።

«ምን ጎድሎብን» አለች እናቷ እናኑ ፈገግ ብላ። «ተመስገን፣ ቤታችን ሙሉ ነው። ለባሰበት ይስጡ በያት። ደግሞ ዶሮው ሳይበርድ ትብላ።»

ዶሮው የተገዛው ለእንግዳዋ ነው። ሲጋል የተቀመጠችበት ሶፋ ከጎረቤት፣ ከእነሳፒር ቤት የመጣ ነው። ኤላድ የሚተኛበትን ፍራሽ እናቷ ጠዋት በረንዳ ላይ ደብቃዋለች። ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር የሕንፃ ደረጃ ስትወለውል የተሰነጣጠቁ እጆቿንም በነጠላዋ ሸፍናቸዋለች።

«እማዬ፣ እውነቱን ልንገራት» አለች ኦሸሪት ቀስ ብላ።

«ገመናዬን ለባዳ? እንዳትሞክሪው። ዕብራይስጥ መናገር ቢያቅተኝ መስማት አያቅተኝም።»

ሲጋል ሁለቱን ተራ በተራ እያየች ጠበቀች። ኦሸሪት የእናቷን ዓይን አየች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይለምናል።

«ምንም አልጎደለንም ትላለች» አለች በዕብራይስጥ።

በሦስተኛው ሳምንት ኦሸሪት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኤላድ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስልኩን ዘረጋላት። «ቤተሰቡ በቂ አቅም ስላለው» ይላል ከማኅበሩ የመጣው መልእክት።

«ማነው እንዲህ ያላት?»

ከላይ፣ በተከፈተው በር፣ ከሥራ የተመለሰችው እናታቸው ባልዲዋን ስታስቀምጥ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለች ኦሸሪት።

«እማ ምን ብላ ነበር?»

ኦሸሪት የደረጃውን ብረት ያዘች። «እማ እውነቱን ተናግራለች። እኔ ነኝ አፍሬ የቀየርኩት።»

ኤላድ አልጮኸባትም። ቢጮህባት በተሻላት። ስልኩን ተቀብሎ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረደ።

«ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው ሳይበላ የሄደው?» አለቻት እናቷ ስትገባ።

«ሥራ ረፍዶበት ነው» አለችና እጇን ታጥባ ከጎኗ ተቀመጠች።