ሚዛን ያላነበበው ገጽ

«ራሱን ነው ያጠፋው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ መስክሯል» አለ ሃምሳ አለቃው፣ መርማሪዋ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ።

«ኮምፒውተር ከመሰከረልህማ እኔን ለምን ጠራኸኝ?» አለችው። በሃያ ዓመት ሥራዋ ከሬሳ ይልቅ የቸኮለ ፖሊስ ነው የሚያስጠላት።

የቴክኖሎጂ መጽሔቱ ቢሮ ሦስት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። በመጨረሻው ክፍል የመጽሔቱ ሐያሲ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ሲመዝን፣ የማይረባውን በአደባባይ አይረባም ሲል የኖረ ሰው ነው። በሻይ ብርጭቆው ውስጥ፣ ከታች፣ የልብ መድኃኒት ዝቃጭ ቀርቷል። መድኃኒቱ የራሱ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ እንደሚያስቀምጠው ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የተጻፈ ጥያቄ በደቃቅ ፊደል ይታያል፦ «የልብ መድኃኒት ሲበዛ ይገድላል?»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። በሟቹ ግራ ጆሮ ማዳመጫ ተሰክቷል። ከኪቦርዱ ቁልፎች ሁለቱ ላይ የደረቀ የሙጫ ጠብታ አለ። ከጥያቄው ገጽ ጀርባ ሌላ ብራውዘር፣ ሌላ የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ተከፍቶ ነበር፤ እዚያ አንዷ ፊደል መዳፍ ታህላለች። አጠገቡ ለኅትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ጽሑፉ አለ፤ አራት ብራውዘሮችን ቅጽል ስም እያወጣ ያወዳድራል። ቆማ አነበበችው።

«ሆዳሙ ፈጣን ነው፤ ግን ሦስት ገጽ ሲከፍቱለት የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ጠራርጎ ይበላል። ኤሊው ምስጢር ይጠብቃል፤ ገጹ እስኪከፈት ግን ምስጢሩ ራሱ ያረጃል። ለፍላፊው የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከአራቱ ሰው ሰው የሚሸተው እሱ ብቻ ነው። ወሬኛው መጨረሻ ይቀመጥ። በስልክህ የጠየቅኸውን ወስዶ፣ በስምህ በገባህበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ይዘከዝከዋል።»

«ይህን ሰው በሕይወቱ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

መጀመሪያ የጠራችው ዋና አዘጋጁን ነው። ሽቶው ቀድሞት ገባ።

«ያሳዝናል» አለ፣ ሳያዝን። «ግን ሰውየው አልቆለት ነበር። ሰላምታ እንኳ በወጉ አይመልስም። ደግሞስ ብራውዘር ከብራውዘር ማወዳደር ምን ጥበብ ይጠይቃል?»

«ዛሬ አይተውታል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ጽሑፉን እንዲያስተካክል በእጄ የጻፍኩትን ማስታወሻ ሰጠሁት። አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቱን ገፍቶ ወደ ሥራው ዞረ።»

«ምኑን እንዲያስተካክል?»

«ደረጃውን። እሱ ወሬኛው ያለው አንደኛ መውጣት ነበረበት። የሠራው ድርጅት ሰዎች ወዳጆቼ ናቸው፤ በቅርቡ ወኪላቸው ልሆን ነው። እሱ ግን ችክ አለ። ከትንሽ ሰው ጋር ትልቅ ሥራ አይሠራም።»

ቀጥላ የገባችው አራሚዋ ነች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ትናንት ከሰዓት ሙሉ መብራት ጠፍቶ ሕንፃው ጨለማ ነበር» አለች። «ስለዚህ ጋሼና እኔ ዛሬ ማልደን ገባን። ፍጥነቱን እኔ እለካለሁ፣ የሚታየውን እነግረዋለሁ፤ እሱ ይፈርዳል።»

«ለምን ራሱ አያይም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እህቱን ይጠይቋቸው። እኔ አደራ አለብኝ።»

ታላቅ እህቱ ነጠላ ጫማቸውን እንደተጫሙ፣ ከቤት እንደወጡ ነበር የመጡት።

«እትዬ» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ጠዋት ደረጃውን የሚያስወጣው ማነው?»

«ካወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ልጄ?» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

መርማሪዋ ሁሉንም በአዘጋጁ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች፤ እሱ ቆመ።

«ሚዛን ከስምንት ወር ወዲህ ከጥላ በቀር ምንም አያይም ነበር» አለች። «እትዬና አራሚዋ፣ ሁለታችሁ ታውቃላችሁ። ፊደሉን ቢያጎላ ቢያጎላ አልሆነለትም፤ ስለዚህ በለፍላፊው ብቻ ይሠራል፣ እሱ እያነበበለት በጆሮው ይሰማል። ሙጫው ጣቶቹን ወደ ቁልፎቹ ይመራል። ታዲያ የሞቱን ጥያቄ ድምፅ በሌለው ብራውዘር፣ ያውም በደቃቅ ፊደል ምን ብሎ ይጽፋል? መልሱን ማን ሊያነብለት? ይህን ያደረገው የሟቹን ዓይን ነገር የማያውቅ ሰው ነው።»

አዘጋጁ ከንፈሩን ላሰ። «ምናልባት...»

«ቆይ። አንተ ደግሞ በእጅህ የጻፍከውን አንብቦ ፊቱ ጠቆረ ብለኸኛል።» «እርስዎ» ማለቱን እንደተወችው ሁሉም ሰማ። «እህቱ ወይ አራሚዋ ቢዋሹ ኖሮ፣ ማንበብ እንደማይችል ስለሚያውቁ ቢያንስ የተሻለ ውሸት ይመርጡ ነበር።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም!»

«አይሆንም። ማስረጃዬ ጥያቄው የተጻፈበት ብራውዘር፣ ወሬኛው ነው። በሟቹ ኮምፒውተር ላይ እዚያ የተከፈተው ያንተ አካውንት ነው፤ አንድ ቀን ለእንግዶችህ ልታሳይበት ገብተህ ሳትወጣ ቀርተሃል። ከዛሬው ጥያቄ ሥር ያው ጥያቄ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ተመዝግቧል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ መብራት አልነበረም፤ በዚያ ኮምፒውተር ማንም ሊጽፍ አይችልም። ከስልክህ ነው የመጣው። ትናንት ለራስህ ጠየቅህ፤ ዛሬ መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ጨመርክና ራሱን ያጠፋ እንዲመስል ደግመህ ጻፍከው። ሃምሳ አለቃ፣ ስልኩን ተቀበለው።»

ሃምሳ አለቃው ስልኩን አገላብጦ አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄው እዚያው ነበር።

«ወሬኛው የስልክህን ጥያቄ በኮምፒውተር እንደሚዘከዝክ ሟቹ በግልጽ አማርኛ ጽፎልሃል» አለች መርማሪዋ። «የሰው ነፍስ ያጠፋህበትን ጽሑፍ እንኳ እስከ መጨረሻው አላነበብከውም። ደረጃውን አይተህ ወረወርከው።»

አዘጋጁ ግድግዳውን ተደገፈ። «ዕውር ነበር እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ!» አለ፣ የተበደለው እሱ ይመስል።

ያን ጊዜ እህትየው ቀና አሉ።

«ስምንት ወር ሙሉ እጁን ይዤ በደጃፍህ ሳሳልፈው ዞር ብለህ አላየኸውም» አሉት። «ወንድሜም ይንቅህ ነበር። እሱ ግን የናቀህ አጥንቶህ ነው።»

መርማሪዋ ከወንበሩ ተነስታ እትዬን በክንዳቸው ደገፈችና፣ አንድ በአንድ፣ ደረጃውን አወረደቻቸው።