«ምን አስቸኮለህ» የተጻፈባት መኪና

አምሃን የተዋወቅኩት በጥፊ ነው።

ጋራዣችን ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ የባቡሩ ድልድይ ስር ነው። እኔ ላሜራ እቀጠቅጣለሁ፣ እበይዳለሁ። አንድ ጠዋት አንድ ሰውዬ የዛገ አሮጌ ፎርድ በተጎታች ጭኖ መጣ። ጎማው ስር ድንጋይ ሳያደርግ ገመዱን ፈታ። መኪናው ተንደርድሮ ወረደ፣ የመሣሪያ ሳጥኔን ጨፈለቀው፣ እኔንም ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀኝ ሲል ለጥቂት ነው የዳንኩት።

ሄጄ አጮልኩት።

«ሶሪ! ሶሪ!» አለ ጉንጩን ይዞ። ከዚያ ማተቤን አየ። «ሐበሻ ነሽ እንዴ?»

«ባልሆን በመፍቻ ነበር የምልህ።»

ከንፈሩ እየደማ ሳቀ። ተናድጃለሁ፤ ግን ዓይኔን ከሱ ላይ ቶሎ አላነሳሁም።

መኪናዋ የድራግ ሬስ ናት። ሁለት ሁለት ሆነው ቀጥ ያለ አጭር መንገድ ላይ የሚወነጨፉት ዓይነት። ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው የገዛት። እሱ የባስ ሹፌር ነው።

«ቀኑን ሙሉ በሃያ ማይል ነው የምነዳው» አለኝ። «አንድ ቀን እንኳን ልብረር።»

«ብረር። መጀመሪያ ግን ወለል ያስፈልግሃል።»

የሾፌሩ እግር ስር አንድ ሰው በችኮላ ላሜራ ለጥፎበታል። ልጥፉን ቆርጬ አነሳሁት። ወለሉ የተቀደደው ከታች ወደ ላይ ነው። ዝገት እንዲህ አይቀድም። ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ብረት ፈንድቶ ነው በወለሉ የገባው።

«እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው እግሩን አጥቷል» አልኩት። «ወይ ነፍሱን።»

አምሃ ወንበሩን አየው። «ማን እንደነበረ ማወቅ አለብን።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«እኔ ልቀመጥበት አይደል?»

ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርን። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ባለቤት ነው። ቀዩ ስር ጥቁር፣ ጥቁሩ ስር ቢጫ። ስንፍቅ እንጣላለን። በጣም ትጫነዋለህ እለዋለሁ፣ አፍሽ አያርፍም ይለኛል። አንዴ መዶሻ ወረወርኩበት። ሳተው።

ቢጫው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ የአማርኛ ፊደል ብቅ አለ። በእጅ የተጻፈ። «ምን አስቸኮለህ»። እንደ አገር ቤት የጭነት መኪና።

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ አለቀ። ጣቶቹ በብናኙ ቢጫ ሆነዋል፤ ጉንጬ ላይ አደረጋቸው። ከላያችን ባቡር አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ሳመኝ። ከንፈሩን ነከስኩት። አልለቀቀኝም።

እሁድ ምሳ ላይ ለአባቴ «የድሮ የሩጫ መኪና እየሠራን ነው» አልኩት። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወደ መኝታው ገባ። አባቴ ዘማርያም ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

አምሃ የጽሑፉን ፎቶ ይዞ ቤተ ክርስቲያን አረጋውያኑን ሲጠይቅ ከረመ። ዌምብሊ የሚኖሩ ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሰው ጋ አደረሱት። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«የሳቸው ነበረች። ፎቶውን ሲያዩ አለቀሱ። ጓደኛቸው ሞቶባታል።»

«ማን?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንዴት አትጠይቅም?»

«ሐረግ፣ ትልቅ ሰው እያለቀሰ ስም ይጠየቃል?»

አይጠየቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

አምሃ ለንደን የመጣው በልጅነቱ፣ ብቻውን ነው። ሊያገባኝ ቢፈልግም ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው ዘመድ የለውም። ጋሽ ጥላዬን ወደዳቸው። «አባት ይሁኑኝ፣ ሽምግልና ይሂዱልኝ» አላቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ስሙን ሁለቴ አስደግመው «እሺ» አሉ።

ቅዳሜ ብሪክስተን፣ የአባቴ ፍላት፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አምሃ ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ቀረ። እኔ ኪችን ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

«ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። አባቴ ፈገግ እያለ ነበር። ከዚያ መሐል የቆሙትን አየ።

«አንተ?»

ጋሽ ጥላዬ ጎንበስ አሉ። «ዘማርያም፣ ስለ እግዚአብሔር—»

አባቴ በከዘራው አፋቸውን መታቸው። ጥርስ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነጭ ነጠላቸው ቀላ። ደገመ። ትከሻቸውን፣ አንገታቸውን። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደነቃቅፈው ወደቁ። ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን እንኳን አላነሱም።

«ወንድሜን ገድለህ ለልጄ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ?»

አጎቴ እዮብ። ሳልወለድ በፊት በመኪና ሞተ ነው የሚባለው። እኔ መንገድ ላይ ነበር የሚመስለኝ።

«የብረቱን ስንጥቅ አይቼው ነበር» አሉ ጋሽ ጥላዬ ደም እየተፉ። «አንድ ዙር ይችላል ብዬ ነው እሱን ያስነዳሁት። ይቅር በለኝ። በሌላ ምክንያት በርህን አትከፍትልኝም።»

ደሜ ፈላ። በኔ ሽምግልና የራሳቸውን ንስሐ ሊጨርሱ! እኔም ልመታቸው ነበር የወጣሁት። አምሃ ጩኸቱን ሰምቶ ደረጃውን እየዘለለ መጣ፣ መሐል ገባ። ከዘራው ግንባሩ ላይ ተሰበረ።

«አባባ፣ በቃ!»

«ይሄን ልጅ ካገባሽ አባት የለሽም» አለኝ።

ጋሽ ጥላዬ ለአምቡላንሶቹ «ወድቄ ነው» አሉ። አምሃ ግንባሩን ተሰፋ።

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም» አልኩት። «አባቴን ተወው።»

«አይሆንም።»

«ፈራህ?»

«ያለ አባት ማደግን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺን አላስለምድሽም።»

ልመታው ፈለግኩ። እውነቱን ስለሆነ ነው።

ሰኞ አባቴ ባስ ይዞ ጋራዥ መጣ። መኪናዋ ልታልቅ ትንሽ ነው የቀራት፤ ጽሑፉን ሳንነካ ቢጫ ቀብተናታል። ዞራት። ከኋላ ሲደርስ ቆመ።

«የእዮብ እጅ ጽሑፍ ነው» አለ።

ከዚያ ትልቁን መዶሻ ከወለሉ አነሳ።

መስታወቱ ፈነዳ። ኮፈኑ ገባ። ስንት ወር በእጄ ያወጣሁት ፓራፋንጎ በአንድ ምት ተጣጠፈ። ልይዘው ስል አምሃ ክንዴን ጨብጦ አስቀረኝ። «ተዪው።»

አባቴ ክንዱ እስኪዝል መታ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። በሩ ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

አምሃ መዶሻውን አነሳ። ሊያስቀምጠው መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ቀረ?»

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «ሞተሩ።»

አምሃ መታው። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰበትን ሞተር። ካርቡራተሩ ተበተነ፣ ቱቦው ተበጠሰ፣ ዘይቱ እንደ ደም ፈሰሰ። ስፌቱ ተፈታ፣ ግንባሩ ደማ፣ አላቆመም። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

«በቃህ» አለ አባቴ።

አምሃ አቆመ። እያለከለከ ነው።

«ያንን ሰውዬ ይቅር አልለውም።»

«አልለመንኩዎትም፣ ጋሼ።»

«ሌላ ሽማግሌ ላክ።»

«ሌላ ሰው የለኝም።»

አባቴ የወደቀ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ አምሃ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«እንግዲያው እኔ ሽማግሌ እሆንልሃለሁ» አለው። ወደኔ ዞረ። «ሐረገወይን፣ ይሄን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

እስካሁን እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«እፈልገዋለሁ።»

«በይ ግንባሩን እሰሪለት። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባበት ነው።»